አምፖሉን ትታችሁ ውኃውን ጠይቁ፦ ሐዋሳ ላይ ቡቲክ ሆቴል ለምትመርጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ ስለ ሐዋሳ አዳዲስ ሆቴሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ከኮርኒሱ የተንጠለጠለውን የቀርከሃ መብራት፣ ጣሪያው ላይ የተሠራውን ካፌ፣ እንግዳ መቀበያው ጀርባ የተሰቀለውን ሥዕል በሚያምሩ ፎቶዎች አሳይታችሁናል። ያልታየው እንግዳው የሚያድርበት ክፍል ነው። ጽሑፉን አንብቦ ስልክ የሚያነሣ ሰው “አልጋ አለ? ስንት ነው?” ከማለት ሌላ የሚጠይቀው ነገር አላገኘም። ሁለቱ ጥያቄዎች ደግሞ ሌሊቱን ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሚተኛ አይነግሩትም። ደብዳቤዬ ረዘም ቢልም እንዳለ እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ።

ቡቲክ ሆቴል እንደ ሐሳብ የተጀመረው በውጭ ነው። ብሌክስ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ላይ፣ ሞርጋንስ ደግሞ በ1984 ኒው ዮርክ ላይ ሲከፈቱ ይዘውት የመጡት ነገር ቀላል ነበር፦ ክፍሎቹ ጥቂት ይሁኑ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ አይሁን፣ አስተናጋጁ እንግዳውን በስሙ ይወቀው። አሁንም ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ክፍል ያለው ቤት ነው በዚህ ስም የሚጠራው። እኛ ዘንድ ታፔላው ላይ “ቡቲክ” የሚለውን የሚያስጽፈው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው። ኮከቡም ቢሆን ስለ መገልገያውና ስለ አገልግሎቱ እንጂ ስለ ውበቱ አይናገርም። ክፍሎቹ አንድ ዓይነት ካልሆኑ ታዲያ ሆቴሉን መርጦ መገላገል የለም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ገነት ሆኖ ከደረጃው አጠገብ ያለው ደግሞ መጋዘን ሊሆን ይችላል። በስልክ የሚያዘው ሆቴል ሳይሆን ቁጥር ያለው ክፍል ነው። “ደብል ያዝልኝ” ብሎ የዘጋ ሰው የሚደርሰው ሌላው አልፈልግም ያለው ነው።

ከሐይቁ ልነሣ። ከተማዋ ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ “ሐይቅ ያሳያል” የሚባለው ክፍል ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ የሚታየው ነገር ገንዘቡን አያስቆጭም። ሆኖም ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ተደፍታ ነው የምትቆየው። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነ፣ ከውጭ ጥላ የሌለው ክፍል በየካቲትና በመጋቢት ማታ 2 ሰዓት ላይም እንደጋለ ነው። ወፍራም መጋረጃ ብዙም አያድነውም፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ መጋረጃው ራሱ ይግላል። ስለዚህ በረንዳው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነና መስኮቱ የሚከፈት ይሁን ወይስ የማይንቀሳቀስ መስታወት ጠይቁ። “ኤሲ አለ” የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ ለምን እንደማይበቃ መብራት ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። በሐይቁ ዳር ያሉት ትልልቅ ዛፎች የታችኛዎቹን ፎቆች እይታ ሊሸፍኑ እንደሚችሉም አትርሱ። ፊት ለፊቱ ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ ግንባታ ተጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ፤ ፎቶው ከተነሣ በኋላ ብሎኬት የተቆለለበት ቦታ ብዙ ነው።

ሐይቁ ዳር ማደር ግዴታ ግን አይደለም። ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል አካባቢ ያረፈ ሰው ማለዳ ዓሣ ገበያው ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ፒያሳና ገብርኤል አካባቢ ላረፈ ባንኩም ሱቁም ቅርቡ ነው፣ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ሰፊ መንገድም በባጃጅ ቶሎ ይጨርሰዋል። መናኸሪያ አካባቢ ለሊት 11 ሰዓት መኪና ለሚይዝ ብቻ ነው የምመክረው።

አሁን ወደ ውኃው። በፎቶ ሁሉንም የሚማርከው ከኮርኒሱ ላይ የሚወርደው፣ ሰሃን የሚያህለው ሻወር ነው። እሱ ሻወር በቅጡ እንዲወርድ ቢያንስ 1 ባር የሚሆን ግፊት ይፈልጋል። 1 ባር ማለት ከራሱ በላይ 10 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ውኃ ማለት ነው። ሮቶው ጣሪያው ላይ ሆኖ ከላይኛው ፎቅ ሻወር በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ነው፤ ውኃው ከሰሃኑ መሐል በቀጭኑ ይንጠባጠባል፣ ጠርዙ ደረቅ ይቀራል። በጂ+4 ሕንፃ መሬት ቤት ያለው ክፍል ከዚያው ሮቶ ከ1 ባር በላይ ያገኛል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ እይታው ያማረው ላይኛው ክፍል በውኃ የደኸየ፣ ማንም የማይፈልገው የታችኛው በውኃ የበለጸገ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው የግፊት ፓምፕ ነው፤ ብዙዎቹ አላቸው። ፓምፑ ግን የሚሠራው በመብራት ነውና “መብራት ሲጠፋ ፓምፑ በጄኔሬተር ይሠራል?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ጥያቄም አያሻም። የውኃ ማፍያውን ጆግ ሻወሩ ሥር ያዙና እስከ 1 ሊትር ምልክቱ ድረስ ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። በ7 ወይም በ8 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 8 ሊትር ገደማ ነው፣ ደህና ነው። 15 ሰከንድ ካለፈ ፀጉር ያላት ሴት ሻምፖዋን አጥባ ለመጨረስ ትቸገራለች።

ቀጥሎ ሙቁ ውኃ ነው። “24 ሰዓት ሙቅ ውኃ” የሚለውን ጽሑፍ ተዉትና ቦይለሩ ስንት ሊትር እንደሆነ ጠይቁ። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ 50 ሊትር ቦይለር 60 ዲግሪ ደርሶ 20 ዲግሪ ካለው የቧንቧ ውኃ ጋር ሲቀላቀል 100 ሊትር የሚጠጋ 40 ዲግሪ ውኃ ይሰጣል። በደቂቃ 8 ሊትር በሚያወርድ ሻወር 12 ደቂቃ ነው። በደቂቃ 15 ሊትር በሚጠጣ ሰሃን ሻወር ግን 7 ደቂቃም አይሞላ። ሁለተኛው ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ይጠብቀዋል፤ 1.5 ኪሎዋት የሆነ ማሞቂያ ያንን 50 ሊትር ከቀዝቃዛ ተነሥቶ መልሶ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋልና። ቦይለሩ 30 ሊትር ከሆነ ሁሉንም በግማሽ አካባቢ አውርዱት። ባልና ሚስት የሚያርፉበት ክፍል 50 ሊትር ይገባዋል፤ ልጆች ካሉ 80። የቦይለሩ ማብሪያ ብዙ ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ፣ ቀይ መብራት ያለው ነው። ስትገቡ ጠፍቶ ካገኛችሁት አብሩትና ወጥታችሁ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ተመለሱ። በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ያለው ቤት በበጋ ይመሰገናል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ሲከብድ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ ብቻ ሊወጣው ስለሚችል ተጠባባቂ ኤሌክትሪክ እንዳለው ጠይቁ።

“የራሳችን የጉድጓድ ውኃ አለን” የሚል ሆቴል ውኃ የመጥፋት ሥጋቱ ያነሰ ነው፣ ጥሩ ነው። ለመታጠብ እንጂ ለመጠጥ ግን አትቁጠሩት። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ፍሎራይድ ደግሞ በማፍላት አይጠፋም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበረታል። ክፍሉ ውስጥ በቀን ስንት ሊትር የታሸገ ውኃ ከዋጋው ጋር እንደሚሰጥ ጠይቁ። ያው ማዕድን የበዛበት ውኃ ነው ጥቁሩን ሴራሚክና የሚያብለጨልጨውን ቧንቧ በነጭ ነጠብጣብ የሚያዥጎረጉረው። ጥቁር መታጠቢያ ቤት በፎቶ እንጂ በዚህ ከተማ ውኃ በየቀኑ ካልተወለወለ አያምርም። ነጠብጣቡ ደርቆ ተደራርቦ ካያችሁት ጽዳቱ ከላይ ከላይ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ክፍሉን ስትከፍቱ የፍሳሽ ሽታ ቢቀበላችሁ መዓዛ በሚረጭ ነገር አትታለሉ። ከወለሉ ማፍሰሻ ሥር ያለው ጎባጣ ቱቦ ሁልጊዜ ትንሽ ውኃ ይዞ መቆየት አለበት፤ ሽታውን የሚያግደው ያ ውኃ ነው። ክፍሉ ለሳምንታት ሳይያዝ ሲቀር ውኃው ይተናል፣ ሽታው መንገድ ያገኛል። 1 ሊትር ውኃ ማፍሰሻው ላይ አፍስሱና ግማሽ ሰዓት መስኮት ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ከጠፋ ክፍሉ ሰው ሳይገባበት ስለቆየ ነው። ካልጠፋ ቧንቧው ሲገጠም የተበላሸ ነው፤ ክፍል ይቀየርላችሁ።

መታጠቢያ ቤቱን በመስታወት ብቻ ከአልጋው የለዩትን ነገርም ልናገር። ፋሽን ነው፣ ይገባኛል። ከወንድሙ ወይም ከሥራ ባልደረባው ጋር ትዊን (ሁለት አልጋ ያለው) ክፍል የያዘ ሰው ግን ምን ያድርግ? እናቱን ለሕክምና ይዞ የመጣስ? መስታወቱ ላይ መጋረጃ መኖሩን፣ በሩም እስከ ላይ ድረስ መዘጋቱን ጠይቁ። ወለሉ የሚያንጸባርቅ ፖርስሊን ከሆነ እርጥብ እግር ያንሸራትታል፤ ሸካራ ሴራሚክ ይሻላል።

መብራት። ሐዋሳ ውስጥ ጄኔሬተር የሌለው ደህና ሆቴል ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ “ጄኔሬተር አለ?” ለሚለው መልሱ ሁልጊዜ “አለ” ነው። መጠየቅ ያለበት ጄኔሬተሩ ምን ምን እንደሚያሠራ ነው። 20 ክፍል እያንዳንዱ 1.5 ኪሎዋት ቦይለር ቢኖረው ቦይለሮቹ ብቻ 30 ኪሎዋት ይጠይቃሉ። አንድ 50 ኬቪኤ ጄኔሬተር በተግባር የሚሰጠው 40 ኪሎዋት ገደማ ነው። ኤሲ፣ ሊፍት፣ ወጥ ቤት፣ ፓምፕ ሲጨመር አይችለውም፤ በዚያ ላይ ነዳጁ አለ። ስለዚህ ብዙ ቤቶች ቦይለሩንና ኤሲውን ከጄኔሬተር መስመር ያወጡታል። ነውር አይደለም፣ ቁጠባ ነው፤ ግን እንግዳው ቀድሞ ይወቀው። ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሣ ነው ወይስ ጥበቃው ወርዶ የሚያስነሣው? ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላስ ይጠፋል? የልብ ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ ይዞ ለሚተኛ ሰው ይህ ጥያቄ የምቾት ጉዳይ አይደለም። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ላፕቶፓችሁን ስታስከፍሉ መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ያዙ። በካርድ የሚበራ ክፍል ከሆነ ካርዱን ነቅላችሁ ስትወጡ ፍሪጁም ቻርጀሩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጡ በተለይ ይህን አጣሩ።

እንቅልፍ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ድምፅ ነው፤ ለድምፁም ያው ያማረው ሥራ ድርሻ አለው። ክፍል ለማብዛት ሲባል ትልቁ ክፍል በጂፕሰም ቦርድ ለሁለት ይከፈላል፣ በላዩ የግድግዳ ወረቀት ይለጠፋል። በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት፦ ብሎኬት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ጂፕሰም እንደ ከበሮ ባዶነቱ ይሰማል። ከዚህም የባሰ የሚያሳልፈው ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ደርሶ ሲቆም ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም ክፍል የጋራ ስለሚሆን የጎረቤት ስልክ ከራስጌያችሁ እንዳለ ይሰማል። አንድ ሰው አጠገብ ባለው ክፍል ገብቶ በተለመደው ድምፁ እንዲያወራ አድርጉ፤ ቃሉን ከለያችሁት ሌሊት ሁሉንም ትለያላችሁ። ከበሩ ሥር የጣት ውፍረት ያለው ክፍተት ካለም የኮሪደሩ ወሬ በሙሉ ይገባል።

ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ሌላ ነው። ጣሪያው ላይ ካፌ ወይም ላውንጅ ያለው ሆቴል ዓርብና ቅዳሜ ሙዚቃው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጠየቅ። አዳራሽ ያለው ሆቴል በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሠርግ ቤት ነው፤ የመልሱ ድግስም እዚያው ሊሆን ይችላል። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ያው ቤት ጸጥ ይላል፣ ዋጋም ለመደራደር ያመቻል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ ያለ ክፍል ንጋት ሳይደርስ ድምፅ ማጉያው ይቀሰቅሳል። ለጸሎት ለመጣ ሰው በረከት ነው፤ እስከ ረፋድ ሊተኛ ለመጣ ግን በጓሮ በኩል ያለ ክፍል ይሻለዋል፣ ጄኔሬተሩ እዚያ ካልተተከለ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሆቴሉ ራሱ በገዛ ፈቃዱ አይነግራችሁም፤ ሲጠየቅ ግን አብዛኛው እንግዳ ተቀባይ አይዋሽም።

የክፍሉን ስፋት ከፎቶ መለካት ይቻላል። ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ 12 ካሬ ሜትሩን 20 ያስመስለዋል፤ ወለሉን ግን ማታለል አይችልም። የተለመደው ትልቁ ሴራሚክ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። ፎቶው ላይ በአንድ በኩል 5፣ በሌላ በኩል 7 ሴራሚክ ከቆጠራችሁ ክፍሉ 3 ሜትር በ4 ሜትር ከ20 ነው። ሴራሚኩ 40 በ40 ሊሆንም ስለሚችል መጠኑን በስልክ አረጋግጡ። አልጋውንም በስሙ አትቀበሉ። አንዱ “ኪንግ” የሚለው ሜትር ከሰማንያ ነው፣ ሌላው ሜትር ከሃምሳውን ነው ኪንግ የሚለው፤ ሜትር ከሃያ ደግሞ ለሁለት ሰው ለእያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። 3 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ሜትር ከሰማንያ አልጋ መሐል ላይ ሲቀመጥ ግራና ቀኙ 60፣ 60 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ ሰው ያልፋል፣ ሻንጣ ግን የሚከፈተው አልጋው ላይ ነው። ጋዜጣችሁም ፎቶ ሲያወጣ ወለሉ የሚታይበትን ቢመርጥ ለአንባቢ ትልቅ ውለታ ነው። ከፎቶ ይልቅ ግን እንግዳ ተቀባዩን በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ለምኑት፦ ከኮሪደሩ ተነሥቶ የክፍሉን ቁጥር አሳይቶ፣ ገብቶ መጋረጃውን ከፍቶ፣ ሻወሩን ከፍቶ የሚያሳይ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አሁኑኑ ልቀርጽ ብሎ የሚሄድ ሠራተኛ ያለው ቤት ሌላውም ነገር የተሻለ ነው።

ስለ ጌጡ ትንሽ። ሲዳማ የቀርከሃ አገር ነው፤ የደጋው ሰው ቤቱን ከቀርከሃ ሸምኖ የሚሠራ ነውና ሐዋሳ ላይ የቀርከሃ መብራትና ኮርኒስ ማየት ከቻይና ከመጣ የፕላስቲክ አበባ ሺህ ጊዜ ይሻላል። በመድኃኒት ያልታከመ ቀርከሃ ግን ነቀዝ ይበላዋል። መብራቱ ሥር፣ ኮመዲኖው ላይ ዱቄት የመሰለ ቢጫ ብናኝ ካያችሁ ከላይ እየተበላ ነው። ሌላው የጌጥ ጣጣ ደብዛዛ አምፖል ነው። ክሩ የሚታየው ቢጫ አምፖል ለፎቶ ያምራል፤ መጽሐፍ ለማንበብ ወይም መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ግን አይሆንም። የራስጌ መብራት መኖሩን ጠይቁ።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባ የሚደርስባት ከተማ ናት። መስኮቱ ላይ ወንፊት፣ ካልሆነም አልጋው ላይ አጎበር መኖር አለበት። አንዳንድ ዘመናዊ ነን የሚሉ ቤቶች አጎበር ውበት ያበላሻል ብለው አውጥተውታል፤ ይህ ስንፍና ነው እንጂ ዘመናዊነት አይደለም። ነጭ አጎበር በሥርዓት ከተሰቀለ ከየትኛውም መጋረጃ የበለጠ ያምራል። ወንፊቱን በጣት ጠርዙ ላይ ፈትሹ፣ የሚቀደደው እዚያ ነው። ሐይቁ ዳር ደግሞ ጦጣው ደፋር ነው፦ ሙዝ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ በረንዳውን ከፍታችሁ ከወጣችሁ ሙዙን ብቻ ሳይሆን የመድኃኒት ከረጢታችሁንም ይዞ ይወጣል።

ቁርስ ላይ ያለኝ አስተያየት ብዙዎችን ላያስደስት ይችላል። 15 ወይም 20 ክፍል ያለው ሆቴል ቡፌ ባያቀርብ ይሻለዋል። 6 እንግዳ ባደረበት ቀን የተደረደረው እንቁላልና ፓስታ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ይውላል። ታዝዞ የሚሠራ ጨጨብሳ፣ ፉል፣ እንቁላል ፍርፍር ትኩስ ይመጣል፣ ብክነትም የለውም። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቁርስ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ ከዳቦና ማርማላታ ሌላ የማያውቅ ወጥ ቤት አለ። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለአስተናጋጁ አታንሡበት፤ ምናሌው ላይ ብዙ ጊዜ ከጾም ምግቡ ጋር ነው የሚያገኙት።) በሲዳማ ምድር ተቀምጦ የቆርቆሮ ቡና በሙቅ ውኃ የሚያቀርብ ቤት ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር እኔ ቡቲክ ብዬ አልጠራውም። ማለዳ 12 ሰዓት የሚነሣ እንግዳ ቁርሱ ተቋጥሮ እንዲሰጠው ማታውኑ ይንገር።

ዋጋ። በስልክ የተነገራችሁ 4,000 ብር የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 4,400፣ በእሱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 5,060 ይሆናል። “ከነታክሱ፣ ከነሰርቪሱ፣ ቁርስ ለሁለት ሰው ጨምሮ” ብላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን በጽሑፍ አስልኩ። ጋዜጣችሁም የሆቴል ዋጋ ሲጽፍ ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ቢጽፍ መልካም ነው።

በቀን አቆጣጠር ላይ የሚሠራው ስሕተት በየጊዜው ሰው ያለ አልጋ ያስቀራል። በኢንተርኔት የሚያዝ ክፍል በፈረንጅ ቀን ነው። ለጥምቀት ጥር 11 ብሎ አስቦ ጃንዋሪ 11 የሞላ ሰው የያዘው ጥር 3ን ነው፤ በበዓሉ ቀን ሲመጣ ክፍሉ ለሌላ ተሰጥቷል። በኢንተርኔት ከያዛችሁ በኋላ ደውላችሁ በኢትዮጵያ ቀን አረጋግጡ። “ከ2 ፒኤም ጀምሮ መግባት ይቻላል” ማለትም ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው፤ ከተማው ከየአቅጣጫው በሚመጣ ምዕመን ስለሚሞላ በዋዜማው ደርሶ አልጋ መፈለግ ድካም ነው። የፍቼ ጫምባላላ በዓል እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ከውጭም እንግዳ ይመጣበታል፤ ቀኑ የሚታወቀው የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብት ቆጥረው ሲያሳውቁ ስለሆነ ባለፈው ዓመት ቀን ተመርኩዛችሁ ክፍል አትያዙ። የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሳምንትም እንደዚሁ ነው።

ቀብድ ስትልኩ የባንክ ሒሳቡ ስም የሆቴሉ መሆኑን እዩ። በፌስቡክና በቴሌግራም የሆቴሉን ፎቶ ለጥፈው በግለሰብ ስም ገንዘብ የሚቀበሉ አሉና ስልኩን ከሌላ ምንጭ አግኝታችሁ ደውሉ። ከከፈላችሁ በኋላ የክፍሉ ቁጥር፣ ቀኑና የተከፈለው ብር ያለበት መልእክት ይላክላችሁ። ብትሰርዙ ስንት ቀን ቀድማችሁ ካሳወቃችሁ ገንዘቡ እንደሚመለስም በዚያው መልእክት ላይ ይጻፍ።

ስትደርሱ ሻንጣ ሳትፈቱ ሻወሩን ክፈቱ፣ ቦይለሩን አብሩ፣ የበሩን ቁልፍ ከውስጥ ሞክሩ፣ ዋይፋዩን አልጋው ላይ ተቀምጣችሁ እንጂ ሎቢ ላይ አትፈትሹ። የእሳት ማጥፊያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑንና ከዋናው ደረጃ ሌላ መውጫ መኖሩን እግረ መንገዳችሁን እዩ። ሌሊት እንግዳ መቀበያው ላይ ሰው ይኖር እንደሆነ ወይስ ጥበቃው ብቻ ይቀር እንደሆነ ጠይቁ፣ ጥበቃው ብቻ ከሆነ የኃላፊውን ስልክ ያዙ። ክፍሉ የማይሆን ከሆነ ያኔውኑ ውረዱና ሌላ ጠይቁ፤ አልጋው ሳይነካ፣ ፎጣው ሳይረጥብ የሚጠይቅን እንግዳ ሆቴሉ በቀላሉ ያዛውረዋል። አልጋው ላይ ከተተኛና ፎጣው ከተረጠበ በኋላ ግን ጽዳቷ ክፍሉን እንደገና ልትሠራ ነውና ከፊታቸው መልስ ታያላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
በሆቴል ሥራ ላይ ያለ አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ